«ሲ» ድራይቭ እንዳይሞላ፦ የቅንብር ሶፍትዌሮችን ከነስንቃቸው በሌላ ዲስክ ላይ መጫን

ጥር ለሰርግ ቪዲዮ ሠሪ የመከር ወር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ወር፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ባለችው ስቱዲዮዬ ውስጥ የአንድ ሰርግ ቪዲዮ ሊጠናቀቅ ጥቂት ሲቀረው ኮምፒውተሬ ዲስኩ ሞልቷል ብሎ ቆመ። ሌሊቱን ሙሉ ሲወጣ ያደረው ፋይል ሳይጠናቀቅ ተቋረጠ። በማግስቱ የሙሽራዋ እናት መጥተው «ልጄ፣ ወንድሜ ነገ ወደ ውጭ ይመለሳል፤ የእህቱን ልጅ ሰርግ ሳያይ ሊሄድ ነው?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ።

ያን ቀን ያበሳጨኝ የቦታ እጥረት አልነበረም። አንድ ቴራባይት የሚይዘው ሁለተኛው ዲስክ ባዶውን ተቀምጧል። ሶፍትዌሮቹ ሲጫኑ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ «ኔክስት» እየተባለ ስለታለፈ፣ ሁሉም ነገር 240 ጊጋባይት ብቻ ባለው «ሲ» ላይ ተከምሮ ነበር። ይህን መመሪያ የምጽፈው በድሬም ሆነ በሐረር ተመሳሳይ ሥራ የያዙ ልጆች ያንኑ ሌሊት እንዳያድሩ ነው። ምሳሌዎቼ ዊንዶውስ ለሚጠቀም ኮምፒውተር ናቸው።

ሱቅ፣ መጋዘንና የሥራ ጠረጴዛ

ድሬዳዋ በባቡር ሐዲድ ዙሪያ ያደገች የንግድ ከተማ ስለሆነች ነገሩን በነጋዴ ዓይን ማየት ይቀላል። ነጋዴ ሱቁ ውስጥ የሚደረድረው ለዕለት የሚያስፈልገውን ነው፤ ጆንያውና ካርቶኑ መጋዘን ውስጥ ነው። ዕቃ የሚፈታበትና የሚመዘንበት ደግሞ ሌላ ቦታ አለው። አንድ የቅንብር ሶፍትዌርም እንዲሁ በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ፕሮግራሙ ራሱ ነው። ፎቶሾፕም ሆነ ፕሪሚየር ወይም ዳቪንቺ ሪዞልቭ፣ ፕሮግራሙ ብቻውን የሚይዘው ጥቂት ጊጋባይት ነው። ሁለተኛው ስንቁ ነው፦ የሙዚቃ መሣሪያ ድምፆች፣ ቴምፕሌቶች፣ ባለ ሦስት ገጽታ ሞዴሎችና የመሳሰሉት። አንድ የኦርኬስትራ ድምፅ ስብስብ ብቻውን በአሥሮች፣ አንዳንዱም በመቶዎች የሚቆጠር ጊጋባይት ይወስዳል። ሦስተኛው ካሽ የሚባለው ነው፤ ሶፍትዌሩ በሥራ ላይ እያለ ለራሱ ፍጥነት የሚያዘጋጃቸው ጊዜያዊ ፋይሎች ናቸው። ካሽ ከፕሮግራሙ ብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፤ ሳይታይ የሚያድገውም እሱ ነው።

«ሲ» ሲሞላ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ፕሮግራሙን ማዛወር ነው። እኔ የምመክረው በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ካሹ ይውጣ፣ ቀጥሎ ስንቁ፣ ፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ። «ሲ» ፈጣን ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ሆኖ 240 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ካለው ፕሮግራሙ እዚያው ቢቀር ይሻላል፤ ቶሎ ይከፈታል። 120 ወይም 128 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ግን ፕሮግራሙም መውጣት አለበት።

በመጀመሪያ መለካት

ከመንካት በፊት ምን የት እንዳለ እንወቅ። በዊንዶውስ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲስተም»፣ ከዚያም «ስቶሬጅ» ሲከፈት ቦታውን ምን እንደወሰደው በደምሳሳው ያሳያል። ለእኛ ሥራ ግን ይህ አይበቃም። ዊንዲርስታት የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ዲስኩን በሙሉ አስሶ እያንዳንዱን ፋይል በስፋቱ ልክ በባለ ቀለም ካርታ ያሳያል። ትልቁን ባለ ቀለም ሣጥን ስትጫኑት የየትኛው ፎልደር እንደሆነ ይነግራችኋል።

በእኔ ኮምፒውተር ላይ ትልቁ ሣጥን የተገኘው «አፕዳታ» በተባለው ፎልደር ውስጥ ነበር። ይህ በተጠቃሚው ስም ሥር የተደበቀ ፎልደር ነው፤ ለማየት በፋይል ማሳያው ላይ «ቪው» ገብቶ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ ያስፈልጋል። አሁኑኑ እንሰርዘው አትበሉ። በውስጡ የፕሮግራሞች ቅንጅትም አለ፤ ካሹን ከፕሮግራሙ ውስጥ ሆነን የምናጸዳበት መንገድ ከታች ይመጣል።

ዲስኩን ማዘጋጀት

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ «ዲ» የተባለው ሌላ ዲስክ ነው ወይስ የዚያው ዲስክ ክፋይ? በ«ስታርት» ምልክት ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ «ዲስክ ማኔጅመንት» ክፈቱ። «ዲስክ 0» በሚለው መስመር ላይ «ሲ»ም «ዲ»ም ጎን ለጎን ከተቀመጡ አንድ ዲስክ ለሁለት ተከፍሏል ማለት ነው። እንደዚያም ሆኖ ማዛወሩ ለ«ሲ» ቦታ ይለቃል፤ ፍጥነት ግን አይጨምርም፣ ዲስኩ ሲበላሽም ሁለቱ አብረው ይጠፋሉ። «ዲ»ን መጠባበቂያ አድርገው የደንበኛ ሥራ የሚያስቀምጡ ሰዎችን ስለማውቅ ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ።

ዲስክ ልትገዙ እዚሁ ድሬ ታይዋን ወደሚባለው ገበያም ሆነ ወደ ሌላ ስትወጡ አትቸኩሉ። ባለ አንድ ቴራባይት ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ሆኖ ቢታይ ማታለል አይደለም፤ አምራቹና ዊንዶውስ የሚቆጥሩበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። ማታለሉ ሌላ ነው፦ የትም ቢገዛ ላዩ ላይ የተጻፈውን ያህል የማይዝ ዲስክና ፍላሽ ያጋጥማል። ኤችቱቴስትደብሊው የሚባለው ትንሽ ሶፍትዌር ዲስኩን ጫፍ እስከ ጫፍ ጽፎ መልሶ በማንበብ እውነተኛውን መጠን ያወጣል። ሰዓታት ይፈጃል፤ ቢሆንም የሰው ሰርግ ከሚጠፋ ሰዓታት ይጥፉ። ያገለገለ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ጤንነቱን፣ የሠራባቸውን ሰዓታትና ሙቀቱን ያሳያል።

ከዚያ የዲስኩ አሰናነድ (ፎርማቱ) ይታያል። በዲስኩ ላይ ቀኝ ተጭናችሁ «ፕሮፐርቲስ» ስትሉ «ፋይል ሲስተም» በሚለው ትይዩ ተጽፏል። ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ብዙ ካሜራዎች ረጅም ቪዲዮ እየቆራረጡ የሚያስቀምጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። ኤክስፋት ትልልቅ ፋይል ይቀበላል፤ ነገር ግን መብራት በድንገት ሲጠፋ መሃል ላይ የተቋረጠውን የፋይሎች አደረጃጀት መልሶ የሚያስተካክልበት መዝገብ የለውም። ኤንቲኤፍኤስ አለው። እኛ ጋ መብራት ሳይናገር ስለሚሄድ ሶፍትዌርና ስንቅ የሚቀመጥበት ዲስክ ኤንቲኤፍኤስ ይሁን። አሰናነዱን መቀየር በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ፋይሎቹን አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምጠነቀቅለት ደረጃ መጣ፦ የዲስኩ ፊደል። በዩኤስቢ የሚሰካ ዲስክ ዛሬ «ኢ» ተብሎ ነገ ፍላሽ ቀድሞ ከተሰካ «ኤፍ» ሊባል ይችላል። ሶፍትዌሩ ግን ስንቁን የሚያስታውሰው በፊደሉ ነው። ፊደሉ ሲቀየር የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ጠፍተዋል፣ ቪዲዮዎቹም የሉም ይላል፤ ሰው ደንግጦ እንደገና ይጭናል። መፍትሔው እዚያው «ዲስክ ማኔጅመንት» ውስጥ ነው። በዲስኩ ላይ ቀኝ ተጭናችሁ «ቼንጅ ድራይቭ ሌተር ኤንድ ፓዝስ» ምረጡና ከፊደል ተራው መጨረሻ አካባቢ ያለ፣ ለምሳሌ «ኤስ» ወይም «ኤክስ» የሚል ፊደል ስጡት። ፍላሾች ከፊተኛው ፊደል ስለሚጀምሩ አይጋፉትም። ሁለት ኮምፒውተር ካላችሁ በሁለቱም ላይ ያንኑ ፊደል ስጡት፤ ያን ጊዜ አንዱ ጋ የተጀመረ ሥራ ሌላው ጋ ያለ ጥያቄ ይከፈታል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ከመጫን በፊት ነው፤ ከተጫነ በኋላ ፊደሉን አትንኩ።

ፎልደር ስትሠሩ ስሙ አጭር፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ክፍት ቦታ የሌለበት ይሁን። ለደንበኛ ሥራ በአማርኛ መሰየምን እወዳለሁ፤ ነገር ግን አንዳንድ ሶፍትዌሮች በአድራሻቸው ውስጥ የግዕዝ ፊደል ሲያገኙ ስንቁን ማንበብ ያቅታቸዋል፤ የችግሩንም ምክንያት በግልጽ አይናገሩም። ዊንዶውስም ለረጅም ጊዜ የአንድን ፋይል አድራሻ በ260 ፊደል ገድቦ ኖሯል፤ ብዙ ሶፍትዌሮች ዛሬም ከዚያ አያልፉም። ፎልደር በፎልደር ውስጥ እየደራረቡ መሄድ ወደዚያ ገደብ ያደርሳል። እኔ አራት ፎልደሮች ብቻ አሉኝ፦ አንዱ ለፕሮግራም፣ አንዱ ለስንቅ፣ አንዱ ለካሽ፣ አንዱ ለሥራ።

አዲስ ሲጫን

መጫኛው «ከስተም» ወይም «አድቫንስድ» የሚል ምርጫ ካቀረበ እሱን ምረጡ፤ የሚጫንበትን ቦታ የሚጠይቀው በዚያ በኩል ነው። «ብራውዝ» ብላችሁ የፕሮግራሙን ፎልደር አሳዩት። ከዚህ በታች ያሉት የየራሳቸው ጠባይ አላቸው።

የአዶቢ ሶፍትዌሮች (ፎቶሾፕ፣ ፕሪሚየር፣ አፍተር ኢፌክትስ) የሚጫኑት በክሪኤቲቭ ክላውድ በኩል ነው። በውስጡ «ፕሪፈረንስስ»፣ ቀጥሎ «አፕስ» ስትከፍቱ «ኢንስቶል ሎኬሽን» የሚል አለ፤ እዚያ አዲሱን ቦታ ትሰጡታላችሁ። ቅንጅቱ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚጫኑት ብቻ ነው። ደግሞም ሁሉም ነገር አይወጣም፦ ሶፍትዌሮቹ በጋራ የሚጠቀሙባቸው ክፍሎች «ሲ» ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ ፎቶሾፕን «ዲ» ላይ ጭናችሁ የ«ሲ» ባዶ ቦታ ትንሽ ቢቀንስ የሠራችሁት ስህተት የለም። በፍላሽ ላይ መጫን ግን አይፈቀድም።

የባለ ሦስት ገጽታ ሥራ ሶፍትዌር የሆነው ብሌንደር ከሁሉ የቀለለ ነው። በዚፕ የተጠቀለለውን አውርዳችሁ በፈለጋችሁት ፎልደር ውስጥ ብትፈቱት ያለ መጫኛ ይሠራል። ከ4.2 ጀምሮ ባሉት ውስጥ ከፕሮግራሙ ፋይል አጠገብ በእንግሊዝኛ «ፖርተብል» የሚል ባዶ ፎልደር ብትፈጥሩ ቅንጅቱንም እዚያው ይይዛል፤ ዲስኩን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ስትወስዱ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። የሞዴል ስብስቦቻችሁን ደግሞ «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ «ፋይል ፓዝስ» ከሚለው ሥር ታመለክቱታላችሁ።

ሙዚቃ ለሚያቀናብሩ ስንቁ ዋናው ጉዳይ ነው። ኮንታክት ለተባለው የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ ማጫወቻ የሚሆኑ የድምፅ ስብስቦች ኔቲቭ አክሰስ በሚባለው ማውረጃ ሶፍትዌር በኩል የሚወርዱ ከሆነ፣ ማውረድ ከመጀመራችሁ በፊት «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ ሁለት አድራሻ አስተካክሉ፦ የወረደው ጥቅል የሚያርፍበትንና ስንቁ የሚቀመጥበትን። ሁለተኛውን ብቻ ቀይሮ የመጀመሪያውን «ሲ» ላይ የሚተው ብዙ ነው፤ ከዚያ 50 ጊጋባይት ሲወርድ «ሲ» መሃል ላይ ይሞላል። ጥቅሉ ሲፈታ ጥቅሉም የተፈታውም ለጊዜው አብረው ስለሚኖሩ የስንቁን እጥፍ የሚሆን ቦታ ያስፈልጋል። በሙዚቃ ማቀናበሪያው ኤብልተን ላይ «ሴቲንግስ» (በቀድሞዎቹ «ፕሪፈረንስስ») ውስጥ «ላይብረሪ» የሚለው ገጽ የፓኮቹን (የድምፅ ጥቅሎቹን) ቦታ ያስቀይራል። በሌላው የሙዚቃ ማቀናበሪያ በኤፍኤል ስቱዲዮ «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ፋይል ሴቲንግስ» የራሳችሁን ዳታ ፎልደርና ድምፆቹ የሚፈለጉባቸውን ተጨማሪ ፎልደሮች ይቀበላል።

መነካት የሌለባቸውም አሉ። ቪኤስቲ3 የተባሉት ፕለጊኖች (በሙዚቃ ሶፍትዌር ውስጥ የሚገቡ ተጨማሪ መሣሪያዎች) «ሲ» ላይ «ኮመን ፋይልስ» ውስጥ የተወሰነላቸው ቤት አላቸው፤ ሶፍትዌሮች ሁሉ የሚፈልጓቸው እዚያ ነው። ፊደላትም እንዲሁ፦ ንያላን የመሰሉ የአማርኛ ፊደላት ትንሽ ቦታ ስለሚወስዱ ከዊንዶውስ የፊደል ፎልደር አታውጧቸው።

ስንቃቸውን በ«ዶክመንትስ» ፎልደር ውስጥ የሚያስቀምጡ ሶፍትዌሮችም ጥቂት አይደሉም። በፎልደሩ ላይ ቀኝ ተጭናችሁ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሎኬሽን»፣ «ሙቭ» ብትሉ ዊንዶውስ ራሱ ፎልደሩን በሙሉ ወደ አዲሱ ዲስክ ያዛውረዋል። በዚህ አጋጣሚ ፎልደሩ ከዋንድራይቭ (ከማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ) ጋር የተያያዘ መሆን አለመሆኑን እዩ። ከተያያዘ ስንቃችሁን ሁሉ ወደ ኢንተርኔት ሊሰቅል ይሞክራል፤ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይህ የወር ጥቅልን በአንድ ሌሊት መጨረስ ማለት ነው።

ካሹን ማስወጣት

ይህን ክፍል ብቻ የሚሠራ ሰው እንኳ ትልቁን እፎይታ ያገኛል።

በዳቪንቺ ሪዞልቭ ኮንትሮልና ኮማ አብራችሁ ተጫኑ፤ «ሲስተም» ሥር «ሚዲያ ስቶሬጅ» የሚል ዝርዝር ይከፈታል። በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ያለው ቦታ ካሹ የሚያርፍበት ነው። አዲሱን የካሽ ፎልደር ጨምራችሁ ወደ ላይ አውጡት። ቀድሞ የተጀመሩ ሥራዎች ግን የድሮውን አድራሻ ይዘው ይቆያሉ። እያንዳንዱን ከፍታችሁ ሺፍትና 9 ስትጫኑ የፕሮጀክቱ ቅንጅት ይመጣል፤ «ማስተር ሴቲንግስ» ውስጥ «ወርኪንግ ፎልደርስ» ከሚለው ሥር ያሉትን አድራሻዎች ቀይሩ። የድሮውን ካሽ ለማጥፋት «ፕሌይባክ» ውስጥ «ዲሊት ሬንደር ካሽ» አለ። ካሽ ቢጠፋ ሶፍትዌሩ መልሶ ይሠራዋል፤ የሰርጉ ቪዲዮ ራሱ አይነካም።

በፕሪሚየር «ኤዲት»፣ «ፕሪፈረንስስ»፣ «ሚዲያ ካሽ» ይከፈታል። ሁለት አድራሻዎች አሉ፣ አንዱ ለፋይሎቹ ሌላው ለመዝገቡ፤ ሁለቱንም ቀይሩ። እዚያው ከተወሰኑ ቀናት በኋላ ወይም ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ በራሱ እንዲሰርዝ ማዘዝ ይቻላል። በአፍተር ኢፌክትስ ደግሞ «ሚዲያ ኤንድ ዲስክ ካሽ» የሚለው ገጽ አድራሻውንም ከፍተኛውን መጠንም ያስወስናል።

ፎቶሾፕ የራሱን «ስክራች ዲስክ» ይለዋል። «ኤዲት»፣ «ፕሪፈረንስስ»፣ «ስክራች ዲስክስ» ገብታችሁ አዲሱን ዲስክ ምልክት አድርጉበት፣ የ«ሲ»ን አንሱ፤ ከዚያ ፎቶሾፕን ዘግታችሁ ክፈቱ። ዲስኩ ሞልቶ ፎቶሾፕ ጭራሽ አልከፈት ካለ ተስፋ አትቁረጡ። ሲነሳ ኮንትሮልና አልት አንድ ላይ ይዛችሁ ቆዩ፤ ሌላ ስክራች ዲስክ እንድትመርጡ ይጠይቃችኋል።

ካሽ ለየትኛው ዲስክ? ፈጣኑ ይበልጣል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል፤ ሳታ በሚባለው ማገናኛ የሚገናኝ ኤስኤስዲ 500 ይደርሳል። በዩኤስቢ የምትጠቀሙ ከሆነ መሰኪያውን እዩ፤ የድሮው ዩኤስቢ 2.0 በሴኮንድ ከ480 ሜጋቢት (ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ከ60 ሜጋባይት) አያልፍም፣ 3.0 ግን 5 ጊጋቢት ይደርሳል፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው። ጥሩ ኤስኤስዲ በ2.0 መሰኪያ ሰክቶ ይዘገያል ብሎ ማማረር ዲስኩን መበደል ነው።

ቀድሞ የተጫነውን ማዛወር

የተጫነን ፕሮግራም ፎልደሩን ቆርጦ ሌላ ዲስክ ላይ መለጠፍ አይቻልም። ዊንዶውስ በመዝገቡ ውስጥ የያዘው የድሮውን አድራሻ ስለሆነ ፕሮግራሙ አይነሳም፤ በኋላ ማራገፍም አስቸጋሪ ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ የራሳችሁን ቅንጅቶችና ቴምፕሌቶች ወደ ጎን ቀድቶ፣ ፕሮግራሙን በ«ሴቲንግስ» በኩል አራግፎ፣ በአዲሱ ቦታ እንደገና መጫን ነው።

ስንቅ ግን ሊገለበጥ ይችላል። እኔ ሁልጊዜ እቀዳለሁ እንጂ አልቆርጥም፤ መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ዋናው በቦታው ይቆየኛል። ተቀድቶ ሲያልቅ የሁለቱን ፎልደሮች መጠንና የፋይል ብዛት በ«ፕሮፐርቲስ» አመሳክሩ። ቀጥሎ የድሮውን ፎልደር አትሰርዙ፤ ስሙን ብቻ ቀይሩት። ከዚያ ሶፍትዌሩን ከፍታችሁ አዲሱን አሳዩት፦ በኔቲቭ አክሰስ የጠፋ በተባለው ስብስብ ላይ «ሪፔር»፣ ከዚያ «ሪሎኬት»፤ በፕሪሚየር «ሊንክ ሚዲያ»፤ በሪዞልቭ «ሪሊንክ ሴሌክትድ ክሊፕስ»። ጥቂት ቀን ሠርታችሁበት ምንም ካልጎደለ ያን ጊዜ የድሮው ይሰረዝ።

መብራትና ሙቀት

ውጫዊ ዲስኮች ሁለት ዓይነት ናቸው። ትንሹ፣ ባለ 2.5 ኢንች የሚባለው፣ ኃይሉን ከዩኤስቢው ስለሚያገኝ መብራት ቢጠፋም ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ ይሠራል። ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች ከግድግዳ የሚሰካ የራሱ አስማሚ አለው፤ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በርቶ ዲስኩ ይሞታል። ካሽና በሥራ ላይ ያለ ፕሮጀክት በዚህኛው ላይ አይቀመጥ። ለተጠናቀቁ ሥራዎች ማከማቻ ግን ጥሩ ነው። የትኛውንም ስትነቅሉ በሰዓቱ አጠገብ ካለው ምልክት አስወጡት እንጂ ገመዱን አትሳቡ።

ሙቀቱን የድሬ ሰው አይነገረውም። በግንቦትና በሰኔ እኩለ ቀን ላይ መቶ ጊጋባይት መቅዳት ዲስክን ማሠቃየት ነው። ኤስኤስዲ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ዕድሜው ያጥራል። እኔ ትልልቅ ቅጂዎችን ሌሊት ወይም ማለዳ አደርጋለሁ፤ ዲስኩን ከጨርቅና ከመስኮት አርቄ በእንጨት ላይ አስቀምጬ ቬንቲሌተር አዞርበታለሁ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ከ50 ዲግሪ በላይ ካሳየኝ አቆማለሁ። ሐረር ያላችሁ በዚህ በኩል ታድላችኋል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ። አንድ የቆየ ሥራና አንድ አዲስ ሥራ ክፈቱ፣ ከእያንዳንዱ የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ አውጡ፤ የ«ሲ»ን ባዶ ቦታ ከማውጣታችሁ በፊትና በኋላ ጻፉ። ቁጥሩ እምብዛም ካልተነቃነቀ ካሹ ወጥቷል። ከቀነሰ ዊንዲርስታትን መልሳችሁ ክፈቱና ያደገው ሣጥን የማን እንደሆነ እዩ፤ ብዙ ጊዜ አድራሻው ያልተቀየረ አንድ የቆየ ፕሮጀክት ነው።